ከቅሬ እስከ ከተማ ምክር ቤት፦ በደሴና በኮምቦልቻ የድህነት ቅነሳ ውሳኔዎች ላይ የነዋሪዎችን ድምፅ ለማሰማት የሚያገለግል የአሠራር መመሪያ

ለድሃ የከተማ ቤተሰቦች ክፍያ የሚሰጠው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያው ዙር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። ከደሴ አጠገብ ያለው የተሁለደሬ ወረዳም ቤተሰቦች ዓመታዊ መዋጮ እየከፈሉ የሚታከሙበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከእነዚያ መካከል ነበር። ስለዚህ የወሎ ሰው ለድህነት ቅነሳ ፕሮግራሞች እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ማንን ይጨምር፣ ክፍያው ምን ያህል ይሁን፣ የድሃ ድሃ ለሚባሉት ስንት ኮታ ይያዝ የሚሉት ጥያቄዎች በየዓመቱ ሲወሰኑ የሰፈሩ ነዋሪ በጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ በውሳኔ ሰጪዎች ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

በሕግ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ፣ አቅሙ በፈቀደ መጠንም አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን የመርዳት ግዴታ ይጥልበታል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም በዚሁ መንፈስ የተቀረጸ ነው። የብዙ ነዋሪዎች ትክክለኛ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የሚቀረው በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው፦ ውሳኔውን ለማይሰጥ ቢሮ መቅረቡና በጀቱ ከጸደቀ በኋላ መድረሱ። ይህ መመሪያ የቅሬ (በወሎ እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ተቋም) ዳኞች፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት፣ የሃይማኖት አባቶች፣ መምህራንና ለሰፈራቸው የሚቆረቆሩ ነዋሪዎች እነዚህን ሁለት እንቅፋቶች እንዲያልፉ ታስቦ ተዘጋጅቷል።

1. የግለሰብን አቤቱታ ከፖሊሲ ጥያቄ ለዩ

አንዲት እናት ከሴፍቲኔት ዝርዝር ስማቸው ቢቀር ጉዳዩ የሚታየው በቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፤ ማመልከቻቸውም በዚያው በኩል በፍጥነት መሄድ አለበት። ነገር ግን በአንድ ሰፈር ብዙ ቤተሰቦች በተመሳሳይ ምክንያት፣ ለምሳሌ ተከራይ ሆነው የቀበሌ መታወቂያ ስላላወጡ ወይም በጦርነቱ ምክንያት ተፈናቅለው መጥተው በነዋሪነት ስላልተመዘገቡ ከልየታ (ከተጠቃሚዎች መረጣ) ውጭ ከሆኑ፣ ችግሩ የአንድ ኮሚቴ ስሕተት መሆኑ ይቀርና የመመዘኛው ጉድለት ይሆናል። የነዋሪዎች የጋራ ዘመቻ ዓላማ ይህንን መመዘኛ ማስለወጥ ነው።

ሁለቱን መቀላቀል ትልቅ ጉዳት አለው። የስም ዝርዝር ይዛችሁ ወደ ኃላፊ ከቀረባችሁ ኃላፊው ከዝርዝሩ ጥቂት ስሞችን አስገብቶ ሊሸኛችሁ ይችላል፤ መመዘኛው ግን ባለበት ይቆያል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌሎች ቤተሰቦች በዚያው በር ይመለሳሉ። በዚህ ምክንያት አቤቱታዎቹን የሚከታተል አንድ ቡድን፣ የመመዘኛውን ጥያቄ የሚይዝ ሌላ ቡድን ብትመድቡ ይሻላል።

2. ውሳኔው የማን እንደሆነ እወቁ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ በእኔ እምነት የዘመቻዎች ዕጣ የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው።

ቀበሌው በተጠቃሚ ልየታ፣ የነዋሪነት ማስረጃ በመስጠትና ዝርዝሩን ለሕዝብ በማሳየት ረገድ ሥልጣን አለው። ልየታው ግልጽ አይደለም፣ ዝርዝሩ አልተለጠፈም፣ ኮሚቴው የሰፈር ተወካይ የለውም የሚሉ ጥያቄዎች ከቀበሌ አልፈው መሄድ የሚኖርባቸው ቀበሌው መልስ ሲነፍግ ብቻ ነው።

የከተማው አስተዳደርና የከተማው ምክር ቤት የከተማውን በጀት ይወስናሉ። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ የሚሸፈነው ከክልልና ከወረዳ ወይም ከከተማ አስተዳደር በጀት በመሆኑ፣ የኮታው መጠን ይጨምር የሚለው ጥያቄ የከተማውን ድርሻ በተመለከተ ለከተማው ይቀርባል። የሥራ ቦታ ሼዶች፣ የሕዝብ የውኃ ቦኖዎች፣ የመንደር ውስጥ መንገዶችና የገበያ ቦታ ለጉልት ነጋዴዎች የሚሉትም በአመዛኙ በዚሁ ደረጃ የሚታዩ ናቸው።

በሌላ በኩል በሴፍቲኔት የአካባቢ ልማት ሥራ የሚከፈለው የቀን ክፍያ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይስተካከል የሚለው ጥያቄ በደሴ ከተማ አስተዳደር ሊመለስ አይችልም። የመጀመሪያው ዙር ፕሮግራም ከዓለም ባንክ በተገኘ 300 ሚሊዮንና ከመንግሥት በተመደበ 150 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የተነደፈ ሲሆን፣ የክፍያው መጠን በፌዴራል ደረጃ በፕሮግራሙ ሰነድ ይወሰናል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የምታቀርቡት ፕሮግራሙን ለሚመራው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሆኖ፣ ግልባጩ ለክልሉ ቢሮና ለምርጫ ክልላችሁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ይደርሳል። ፕሮግራሙን በከተማው የሚያስፈጽመው መምሪያ በዚህ ጊዜ አጋራችሁ ይሆናል፤ የሰበሰባችሁትን መረጃ በራሱ ሪፖርት ውስጥ አካትቶ ወደ ላይ እንዲልክ ጠይቁት።

ኮምቦልቻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር ወደ ከተማዋ መጥተዋል፤ የደመወዛቸው ማነስም የተደጋገመ ጥያቄ ነው። ሆኖም ለግል ድርጅት ሠራተኞች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የመወሰን ጉዳይ የፌዴራል ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ የሚሆን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ይህን ጥያቄ ለኮምቦልቻ ከንቲባ ይዞ መሄድ የሁለቱንም ወገን ጊዜ ማባከን ነው። ከንቲባው ሊመልሱ የሚችሉት ሌላ ነው፦ ለሠራተኞች መኖሪያ የሚሆን ቦታ፣ ከፈረቃ ሰዓት ጋር የሚሄድ የትራንስፖርት ስምሪት፣ በመንገዱ ላይ የመብራት መትከል፣ የሕፃናት ማቆያ። ከእነዚህ አንዱ ቢገኝ ሠራተኛዋ ከደመወዟ የምታወጣውን ይቀንስላታል፤ ስለዚህ ዋናው የደመወዝ ጥያቄ በሠራተኛ ማኅበራት በኩል ወደ ላይ ሲጓዝ የከተማው ጥያቄ በጎን መሄድ ይችላል።

የውሳኔው ባለቤት ካልታወቃችሁ ጠይቁ። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ሰው በየደረጃው ካሉ የመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ጥያቄውን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ስጡ፦ «በዘንድሮው በጀት ዓመት መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች የጤና መድን የተያዘው በጀት ስንት ነው? የስንት ቤተሰብ መዋጮ ይሸፍናል? ኮታው ለየቀበሌው የተከፋፈለው በምን መሥፈርት ነው?» እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብቻቸውን የዘመቻውን ግማሽ ሥራ ይሠራሉ።

3. መሠረቱን በቅሬ ላይ ጣሉ

በወሎ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ድንኳን የሚያስቀምጥ፣ የአባላት መዝገብ ያለው፣ ገንዘብ የሚያዝበትና ዳኛው የሚከበርበት ተቋም ቅሬ ነው። አዲስ ኮሚቴ ከመፍጠር ይልቅ ያለውን ቅሬ ማንቀሳቀስ ይመረጣል። የቅሬው ስብሰባ ባለቀበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ጠይቁ፤ ለብቻው የሚጠራ ስብሰባ ካስፈለገም ከዓርብ ጁምዓ ሶላት፣ ከእሑድ ቅዳሴና ደሴ ላይ ከሰኞ ገበያ ጋር እንዳይጋጭ ጥንቃቄ አድርጉ፤ በገበያ ቀን ጥሪ ከተደረገ ከሁሉም በላይ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ነጋዴ ሴቶች ይቀራሉ።

የአንድ ቅሬ ድምፅ የአንድ መንደር ድምፅ ነው። በሆጤም በቧንቧ ውኃም ያሉ ቅሬዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ካላቸው ዳኞቹ ተሰብስበው የጋራ ቃለ ጉባኤ ይፈራረሙ። ከእያንዳንዱ ቅሬ ሁለት ተወካይ፣ አንዷ የግድ ሴት፣ ቢመረጥና ከተወካዮቹም መካከል ራሳቸው የድጋፉ ፈላጊ የሆኑ ሰዎች ቢኖሩ፣ በኋላ ከኃላፊዎች ጋር በሚደረገው ውይይት የሚነገረው ነገር ከኑሮ የወጣ ይሆናል። ስለ ድሃ የሚናገር ሰው ብቻ ተሰብስቦ ድሃው ራሱ ውጭ የሚቆምበት ዘመቻ ክብር የለውም፤ ኃላፊም በቀላሉ ይመልሰዋል።

የሕግ ሰውነት ያለው አጋር ማግኘትም ይጠቅማል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከመውጣቱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። አዲሱ አዋጅ ይህን ገደብ አንሥቶ ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር የተያያዙ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ፈቅዷል። በከተማው ካሉት የአረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኞች ወይም የሴቶች ማኅበራት አንዱ ደብዳቤውን በማኅተሙ ቢያጅበው ጥሩ ነው።

4. ማስረጃውን ራሳችሁ ሰብስቡ

«ሕዝቡ ተቸግሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ይሰማል፤ በጀት ግን በቁጥር ስለሚሠራ የእናንተም ጥያቄ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ጥናት አጥኚ መቅጠር አያስፈልግም። የቅሬው መዝገብ በእጃችሁ ስለሆነ በየቤቱ የሚሞላ የአንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጁ፤ ቅጹ የቤተሰቡን ቁጥር፣ ሥራ መሥራት የሚችሉትን ሰዎች ብዛት፣ ቤቱ የግል፣ የቀበሌ ወይም የኪራይ መሆኑን፣ በሴፍቲኔት ወይም በጤና መድን መታቀፍ አለመታቀፋቸውን፣ ካልታቀፉም የተነገራቸውን ምክንያት ይጠይቅ። የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው፤ ጉድለቱ የኮታ፣ የመታወቂያ ወይስ የመረጃ እጥረት መሆኑ የሚታወቀው ከእሱ ነው።

ቅጹን የሚሞሉት ወጣቶች ከሌላ መንደር ቢሆኑ ይመረጣል፤ ሰው ለጎረቤቱ ልጅ ችግሩን ለመናገር ያፍራል፤ ጎረቤትም ለጎረቤት ያዳላል። ከመጠየቃቸው በፊት መረጃው ለምን እንደሚውል ይናገሩ፤ ፈቃድ ካልተሰጣቸውም አመስግነው ይውጡ። ቅጹን መሙላት እርዳታ ያስገኛል የሚል ተስፋ በፍጹም አይስጡ። ስሞቹ ከቅሬው ሳጥን አይውጡ፤ ወደ ቢሮ የሚሄደው ድምሩ ብቻ ነው።

የአገልግሎት ጥራትን በተመለከተ ደግሞ በአገራችን በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም የተለመደውን የውጤት መስጫ ካርድ መጠቀም ይቻላል። ነዋሪዎች ለብቻቸው፣ ሴቶች ከወንዶች ተለይተው፣ ለጤና ጣቢያው ወይም ለቀበሌው አገልግሎት ነጥብ ይሰጣሉ፤ ሠራተኞቹም ለራሳቸው ሥራ በተመሳሳይ መለኪያ ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው የነጥቡ ልዩነት ከምን እንደመጣ ይነጋገራሉ፤ ማን ምን በመቼ እንደሚያስተካክል የሚገልጽ የጋራ ዕቅድም ይፈራረማሉ። ይህ ዘዴ ያለው ትልቅ ጥቅም ሠራተኞቹም የጎደላቸውን በጀትና መድኃኒት የሚናገሩበት መድረክ ማግኘታቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄው የጋራ ሆኖ ወደ ምክር ቤት ይሄዳል።

5. አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ፤ ዋጋውንም አስሉ

ከተሰበሰበው መረጃ ውስጥ አሥር ጥያቄ ይወጣል። አንዱን ምረጡ፤ የቀሩትን ለሚቀጥሉት ዓመታት በቃለ ጉባኤ አስቀምጡ። የሚመረጠው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ የሚነካ፣ ባለቤቱ የታወቀና «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ ሊመለስ የሚችል መሆን አለበት። «የድሆች ኑሮ ይሻሻል» የሚለውን ማንም አይቃወመውም፤ ስለዚህ ማንም አይመልሰውም። ለስሌት ያህል፣ ያላችሁት መረጃ 150 ቤተሰቦች መክፈል እያቃታቸው ከጤና መድን ውጭ መሆናቸውን ቢያሳይና የዓመቱ መዋጮ በቤተሰብ 1,000 ብር ቢሆን፣ ጥያቄው 150,000 ብር ነው ማለት ነው። ይህን አኃዝ የያዘ ኃላፊ ከገንዘብ መምሪያው ጋር የሚነጋገርበት ነገር ያገኛል።

6. ደብዳቤውን በሥርዓቱ ጻፉ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ፣ ማስረጃው በአባሪ ቢያያዝ ጥሩ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ መክፈል ለማይችሉ ነዋሪዎች የተያዘው የጤና መድን ኮታ እንዲጨምር ስለመጠየቅ።
ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ቅሬዎች ባደረግነው የቤት ለቤት መረጃ አሰባሰብ፣ በሰፈሮቻችን ውስጥ የሚኖሩ 150 ቤተሰቦች መዋጮውን መክፈል ባለመቻላቸው ከጤና መድን ውጭ መሆናቸውን አረጋግጠናል። በመሆኑም በመጪው በጀት ዓመት ለዚሁ ዓላማ በሚያዘው በጀት ላይ 150,000 ብር እንዲታከል፣ የተጠቃሚዎች ልየታም የቅሬ ተወካዮች በተገኙበት እንዲካሄድ በአክብሮት እንጠይቃለን። የመረጃው ማጠቃለያና ቃለ ጉባኤያችን በአባሪነት ተያይዟል።»

ግልባጩ ለከተማው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት፣ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ፣ ለጤና መምሪያውና ለገንዘብ መምሪያው ይድረስ። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። በኃላፊ እጅ በቀጥታ የተሰጠና ያልተመዘገበ ደብዳቤ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይጠፋል።

7. የበጀቱን ወቅት አትለፉ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል፤ መሥሪያ ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድና የበጀት ጥያቄ የሚያዘጋጁት ግን ከዚያ ከወራት በፊት ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ቅሬዎችን ማሰባሰብና መረጃ መጠየቅ፣ ታኅሣሥና ጥር የቤት ለቤት ሥራውን ማካሄድ፣ በየካቲት ደብዳቤውን ማስገባት ይበጃል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለውይይት ነው። በሰኔ አጋማሽ የሚመጣ ደብዳቤ ምንም ያህል እውነት ቢይዝ «ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል» የሚል መልስ ይጠብቀዋል።

ጥያቄው የፌዴራል ከሆነ የምክር ቤት አባላትን የዕረፍት ጊዜ ተጠቀሙበት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ አባላት ወደ መራጮቻቸው የሚመጡት በአብዛኛው በክረምትና በመሀል ባለው የአንድ ወር ዕረፍት ነው። በዚያ መድረክ ላይ አንድ ተወካይ ብቻ ተነሥቶ አንዱን ጥያቄ በቁጥር ይናገር፤ የጽሑፉንም ቅጂ በእጃቸው ይስጥ።

8. ተገናኙ፣ ተነጋገሩ፣ ጥንቃቄም አድርጉ

ወደ ኃላፊ ቢሮ ከአምስት ሰው በላይ ባትሄዱ ይመረጣል፤ ከመካከላቸው አንድ የተከበሩ ሽማግሌና አንዲት ጉዳዩ የሚመለከታት እናት ይኑሩ። ንግግሩ በምስጋናና በማስረጃ ይጀመር፤ ቀጠሮና የተባለው ነገር ይመዝገብ። ከኃላፊው ጋር ሳትነጋገሩ ወደ ሬዲዮ መሄድ በር ይዘጋል፤ መልስ ከተነፈጋችሁ በኋላ ግን በከተማው የሚሰሙ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የነዋሪ ድምፅ የሚቀርብባቸውን ዝግጅቶች መጠቀም ተገቢ ነው። በዚያ ጊዜም የማንንም ድሃ ስምና መኖሪያ ያለ ፈቃዱ አትጥሩ።

ሰላማዊ ሰልፍ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠ መብት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረትም ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ይሁንና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የሰዎች መሰባሰብ በቀላሉ ለአደጋ የሚጋለጥበት ሁኔታ ፈጥሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ ውይይት፣ የተፈረመ ደብዳቤና የቅሬ ቃለ ጉባኤ ከሰልፍ ይልቅ ያዋጣሉ። የየትኛውም ፓርቲ ወይም ታጣቂ ወገን አርማና መፈክር በዘመቻው አጠገብ አይታይ፤ በሰፈር ስብሰባ ላይ የሚነሣ የፖለቲካ ክርክር ካለም ሰብሳቢው ወዲያው ያቁመው። የአንዲት አረጋዊት መድኃኒት የሌላ ጠብ መያዣ እንዳይሆን መጠበቅ የአስተባባሪዎች ኃላፊነት ነው።

9. መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ወይም መልስ ከጠፋ

በመጀመሪያ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «በጀት የለም» ከተባለ ጥያቄውን በከፊል መቀበል ይቻል እንደሆነ፣ ወይም በዓመቱ መካከል ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅ ሊታይ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። «ሥልጣናችን አይደለም» ከተባለ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ በዚያው ደብዳቤ እንዲገለጽ አድርጉ፤ ይህ ወረቀት ወደሚቀጥለው ደረጃ መግቢያችሁ ነው። መረጃ ከተከለከላችሁ በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በሉ። ተቋሙ በአስፈጻሚ አካላት የሚፈጸምን የአስተዳደር በደል ይመረምራል፤ የተመረጠ ምክር ቤት በሕግ አውጪነቱ የሰጠውን ውሳኔ ግን አይመረምርም። ስለዚህ ምክር ቤቱ በጀቱን ዝቅ አድርጎ ካጸደቀ የሚቀራችሁ መንገድ የምክር ቤት አባላቱን ራሳቸውን ማነጋገር ነው።

10. «አዎ» ከተባለ በኋላ

በጀት ጸደቀ ማለት የጤና መድን ካርድ ለእናቶች ደረሰ ማለት አይደለም። በሐምሌ የጸደቀውን በጀት ቅጂ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈውን ማጠቃለያ ተመልከቱ፤ የጠየቃችሁት ገንዘብ በተባለው ርእስ መያዙን አረጋግጡ። ልየታው ሲካሄድ የቅሬ ተወካዮች ይገኙ፤ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ሲለጠፍም በሰበሰባችሁት መረጃ ከተገኙት ቤተሰቦች ስንቶቹ እንደገቡ በሰሌዳው ፊት ቆማችሁ አመሳክሩ። ያልገቡት በቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ገደብ ውስጥ እንዲያመለክቱ በየቤታቸው ሄዳችሁ ንገሯቸው፤ መጻፍ ለማይችሉት ማመልከቻውን ጻፉላቸው። ከዚያም በታኅሣሥ አካባቢ ካርዱን ከያዙት መካከል ጥቂቶቹን ጤና ጣቢያው ያዘዘላቸውን መድኃኒት በካርዱ አግኝተው እንደሆነ ጠይቁ፤ የሰጧችሁንም መልስ ለጤና መምሪያው በሚጻፈው የሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ አስፍሩ።